ለ25 ፈረስ አውትቦርድ ኪስ የማይጎዳ መሪ፦ የትኛውን ልግዛ?

ባለ25ፈረስ
ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ አንባቢ ነበርኩ፣ ዛሬ ግን ወገቤ ነው ያስጻፈኝ። ጀልባዬ አሉሚኒየም ናት፣ 4 ሜትር ከ30፣ ሞተሩ ኋላ ላይ የሚታሰር (አውትቦርድ) 25 ፈረስ ሁለት ሲሊንደር፣ በእጀታ የሚነዳ። ብቻዬን ስወጣ ኋላ ጥግ ላይ ተጣብቄ ግራ እጄን ወደኋላ ጠምዝዤ አንገቴን ወደፊት አዙሬ ነው የምነዳው፣ ነዳጅ ስሰጠው ደግሞ ክብደቱ ሁሉ ኋላ ስለሆነ አፍንጫዋ ሽቅብ ትነሳና ፊት ለፊቴ ያለውን አላይም፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ከነዳሁ ማታ እጄ እየተንቀጠቀጠ ብርጭቆ መያዝ ያቅተኛል። ስለዚ መሃል ላይ ተቀምጬ በመሪ ልንዳ ብዬ ቆርጫለሁ።

እስካሁን ያገኘሁት እንዲህ ነው። አንድ ሰውዬ የገመድና የካሩኮላ መሪ በጣም በርካሽ ልሽጥልህ ብሎኛል። ጓደኛዬ ደግሞ ከተጣለ ጀልባ ላይ የፈታው አሮጌ ኬብል ከነመሪው ሳጥን (ከመሪው ጀርባ ሆኖ ኬብሉን የሚገፋውና የሚጎትተው ማርሽ ያለበት) አለው፣ በነፃ ውሰድ ይለኛል። አዲስ የኬብል ኪትም (ሳጥኑና ኬብሉ አብሮ የሚሸጥ) አይቻለሁ። ሀይድሮሊክ የሚባለውን ግን ዋጋውን ሳይ ስልኬን ዘጋሁት። ብር የለኝም፣ ግን ደግሞ ውሃ መሃል መሪ እንዲከዳኝ አልፈልግም። ምን ትላላችሁ?

ግራሶ_በእጁ
ወንድሜ ኪቱን ተወውና መጀመሪያ ሞተርህን እየው። ሞተሩ ትራንሰሙን (የታሰረበትን የኋላ ግድግዳ) የሚይዝበት ብራኬት ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የሚያልፍ ባዶ ቱቦ አለ? ሞተሩ ወደላይ ሲታጠፍ የሚዞርበት ማለቴ ነው። ቲልት ቲዩብ ይሉታል። የኬብሉ ብረት ዘንግ የሚገባው እዛ ውስጥ ነው። የዘንጉ ውፍረት 5/8 ኢንች ነው፣ ወደ 16 ሚሊ ማለት ነው፣ የቱቦው ጫፍ ላይ ደግሞ ኬብሉን የሚያስረው ትልቁ ዳዶ የሚገባበት ጥርስ መኖር አለበት። ትንንሾቹ ሞተሮች ብዙዎቹ ይሄ የላቸውም ወይ ደግሞ አላቸው ግን በድፍን ብረት ተዘግቷል፣ ያኔ ለብቻው የሚገጠም ኪት ያስፈልግሃል፣ እና ኪቱ ከመሪው የበለጠ ሊያስወጣህ ይችላል።

ሁለተኛ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚረሳው ነገር። መሪ ብቻ አይደለም የምትገዛው! እጀታው ሲነሳ ነዳጅ መስጫው አብሮት ይነሳል፣ ማርሹም ወይ እጀታው ላይ ነው ወይ ኋላ ሞተሩ ጋ ይቀርብሃል። ስለዚ የጋዝና የማርሽ መቆጣጠሪያ ሳጥን ከሁለት ቀጭን ኬብሎች ጋር፣ ሞተሩ ላይ እነሱን የሚቀበሉ ማያያዣዎች፣ የማጥፊያ ገመዱን (ሰውነትህ ላይ ታስሮ ስትወድቅ ተነቅሎ ሞተሩን የሚያጠፋውን) አንተ ወደምትቀመጥበት ማምጣት... በጀትህን ስታወጣ መሪው ግማሹ ነው ብለህ አስብ። ሞተሩ በቁልፍ ይነሳል ወይስ በገመድ? በገመድ ብቻ ከሆነ እየጎተትክ ለማስነሳት ኋላ ሄደህ መሪው ፊት ነው፣ ይሄም ይታሰብ።

እጀታ_ይሻላል
አረ ለምን ትለፋለህ። የእጀታ ማስረዘሚያ ግዛ፣ አንድ ቱቦ ነው፣ እጀታው ላይ ይታሰራል፣ ቁመህም ወደ መሃል ተጠግተህም ትነዳለህ በቃ። የምትበሳው ነገር የለ የሚዝግ ኬብል የለ። መሪ ኮንሶል (መሪው የሚታሰርበትን ማቆሚያ) ስትሰራ ደግሞ 4 ሜትር ጀልባ ላይ ግማሹ ቦታ ሄደ ማለት ነው። እኔ 20 ዓመት በእጀታ ነድቻለሁ ወገቤ እንደ ብረት ነው።

ባለ25ፈረስ
@እጀታ_ይሻላል ወንድሜ ማስረዘሚያውን ሞክሬዋለሁ እኮ። ወደፊት ስትጠጋ አፍንጫዋ ትንሽ ወረድ አለች፣ ልክ ነህ፣ ግን ማርሹ ኋላ ሞተሩ ጎን ላይ ነው ያለው፣ ወደ መቆሚያ ስደርስ ወደኋላ እየተንጠራራሁ ማርሽ ስፈልግ ሁለቴ ከድንጋይ ጋር ተላትሜአለሁ።

@ግራሶ_በእጁ አሁን በባትሪ ሄጄ አየሁት። ቱቦው አለ! ጥርሱም አለ። ግን በአንዱ ጫፍ ፕላስቲክ ክዳን ነበረው፣ በሌላው በኩል ምንም የለም፣ ውስጡን ሳየው የደረቀ ግራሶ እንደ ሰም ተጋግሮ መሃሉ ላይ ደግሞ ተርብ ጎጆዋን በጭቃ ሰርታበታለች። በጠመንጃ መወልወያ ዘንግና በናፍታ ሳጸዳ አመሸሁ፣ ከዛ 16 ሚሊ የሆነ የእንጨት ዘንግ አሳለፍኩበት፣ በደንብ አለፈ። ሞተሩ በቁልፍ ይነሳል። እጀታው ያለበት የፊት ክንድ ላይም የታሰበለት ቀዳዳ አለ።

ግራሶ_በእጁ
በጣም ጥሩ! እንግዲህ ሞተርህ የተዘጋጀ ነው። ተርቧን ግን ይቅርታ ጠይቃት 😂

አሮጌ_ቀፎ
እኔ ስለ ካሩኮላው ላውራህ ልጄ። ድሮ ትንንሽ ጀልባ ሁሉ በዛ ነበር የሚነዳው፣ እኛም ሌላ አናውቅም ነበር። መሪው ጀርባ ላይ ከበሮ አለ፣ ገመዱ ይጠቀለልበታል፣ በሁለቱም ጎን በካሩኮላ እየታጠፈ ኋላ ሄዶ ሞተሩን በግራና በቀኝ ይይዘዋል፣ እንዳይላላ ጫፍ ላይ ሞላ አለው። ሲሰራ ቆንጆ ነው፣ ቀላል ነው፣ ሁሉንም በዓይንህ ታየዋለህ።

ችግሩ ይሄ ሁሉ ነገር በአንድ ክር የተያያዘ መሆኑ ነው። አንዷ ካሩኮላ ከተነቀለች በአንድ ጎን ብቻ አይደለም መሪ የምታጣው፣ ገመዱ ሙሉ ይላላል፣ ሞተሩ ባለቤት ያጣ ነው የሚሆነው። የእኔዋ ኋላ ቀኝ ጥግ ላይ የነበረችው ካሩኮላ በሁለት የእንጨት ብሎን ነበር የታሰረችው፣ እንጨቱ ውስጥ ውስጡን በስብሶ ኖሮ በሙሉ ፍጥነት እየሄድኩ ብሎኖቹ ከነእንጨት ፍርፋሪያቸው ተነቅለው መጡ። ሞተሩ በአንዴ ወደ አንድ ጎን ተገለበጠ፣ ጀልባዋ እንደ እንዝርት ዞረች፣ እኔ ከወንበሬ ተስፈንጥሬ በጎኔ ወለሉ ላይ። ያዳነኝ የማጥፊያዋ ገመድ ቁርጭምጭሚቴ ላይ መታሰሯ ነው፣ እኔ ስወድቅ ተነቀለችና ሞተሩ ጠፋ። እሷ ባትኖር ኖሮ ጀልባዋ ያለኔ ትዞር ነበር።

ሌላው ፕላስቲክ የለበሰውን ሽቦ ገመድ አትመን። ላዩ ነጭ ፅዱ ነው፣ ውስጡ ግን ውሃ ገብቶ ዝጎ ዱቄት ሆኗል፣ እስኪበጠስ ድረስ አታውቅም። ያንን ሰውዬ አመስግነህ ሸኘው።

ባለ25ፈረስ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንኳን ተረፉ። ካሩኮላው ቀረ። በነፃ የሚሰጡኝ ኬብልስ? ስጎትተው እኮ ይሄዳል።

ሰማያዊት
ቆይ ቆይ እሱን እንዳትወስደው፣ እኔ በትክክል ያረኩት ስህተት ነው። እኔም አሮጌ ኬብል በነፃ አገኘሁ፣ መሬት ላይ ቀጥ አድርጌ ዘርግቼ ስገፋውና ስጎትተው እንደ ቅቤ ነበር የሚሄደው። ጀልባው ላይ አጥፌ ሳስገባው ግን መሪውን ለማዞር በሁለት እጅ! ለምን መሰላችሁ፣ ዝገቱ ውስጡ ቦታ ቦታ ላይ ነው፣ ቀጥ ሲል ሽቦው መሃል ላይ ተንሳፎ ያልፋል፣ ሲታጠፍ ግን ከግድግዳው ጋር ይፋጫል። ከዛ ደግሞ እንደ ብስክሌት ኬብል ዘይት ላስገባበት ብዬ ጫፉን በሲሪንጅ ወጋሁት፣ ዘይቱ ተመልሶ እጄ ላይ ፈሰሰ። በኋላ ነው የገባኝ፣ የመሪ ኬብል ፋብሪካ ላይ ተቀብቶ የታሸገ ነው፣ አይከፈትም፣ አይታከምም። ከጠነከረ መጣል ነው።

ደግሞ ርዝመቱ። የነፃው 14 ጫማ ነበር የኔ ጀልባ የሚፈልገው 11፣ ትርፉን ኮንሶሉ ውስጥ ክብ አርጌ ደበቅኩት፣ ያ ክብ ራሱ ሌላ ጥንካሬ ሆነ። ሳጥኑ ላይ ምን ይላል የሚል ካለ፣ ቴሌፍሌክስ የሚል የፋብሪካ ስም ካለው ያው አሁን ዶሜቲክ የሚባለው ነው፣ በመሃል ሲስታር ተብሎ ነበር፣ የኬብሉ ቁጥር መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለት አሃዞች ርዝመቱን በጫማ ነው የሚነግሩህ። ለምሳሌ ኤስኤስሲ6214 ካለ 14 ጫማ ነው።

የመሪውን ሳጥን ግን ካልተላወሰ ልትይዘው ትችላለህ፣ አዲስ ኬብል የሚቀበል መሆኑን አረጋግጥ እንጂ።

ግራሶ_በእጁ
ሰማያዊት ትክክል ነች። ሳጥኑንም ቢሆን እኔ አልይዘውም፣ አሮጌ ሳጥን ውስጥ ያለው ማርሽ ተበልቶ ከሆነ አዲሱን ኬብል ነው የሚያበላሸው፣ ኪቱ አብሮ ሲገዛ ደግሞ ለየብቻ ከመግዛት ይረክሳል።

ቶሎ_ቶሎ
ሀይድሮሊክ ብቻ ግዛ ሁሉም ሰው ወደሱ ነው እየሄደ ያለው፣ በአንድ ጣት ነው የሚዞረው።

ግራሶ_በእጁ
ለ25 ፈረስ? ወንድሜ ሀይድሮሊክ እኮ መሪው ጋ ፓምፕ፣ ሁለት ቱቦ፣ ሞተሩ ጋ ሲሊንደር፣ ዘይት አለው፣ አየር ከገባበት ደግሞ መሪው እንደ ስፖንጅ ይሆናል አየሩን ማስወጣት አለብህ። ብዙ ፈረስ ያለው ሞተር ላይ ዋጋው ይገባዋል፣ እዛ እጅህን ያድነዋል። 25 ላይ ግን የኬብሉን ስንት እጥፍ ከፍለህ የምታገኘው ልዩነት ትንሽ ነው። በዚህ ላይ አልከራከርም።

ቶሎ_ቶሎ
እሺ እንግዲህ። ግን መሪ ከገባ በኋላ 40 ፈረስ መጫን ይቻላል አይደል? መሪ ያለው ጀልባ ብዙ ፈረስ ይፈቀድለታል ሲባል ሰምቻለሁ።

አሮጌ_ቀፎ
የሰማኸው ግማሽ እውነት ነው። የአሜሪካኖቹ ደንብ ከ20 ጫማ በታች ላለ አውትቦርድ ጀልባ ከፍተኛውን ፈረስ ሲያሰላ በሩቅ የሚነዳ መሪ መኖሩንና ትራንሰሙ ቢያንስ 20 ኢንች ከፍታ ያለው መሆኑን ያያል፣ ሁለቱ ከተሟሉ ቀመሩ የበለጠ ይፈቅዳል። ግን ያ ፋብሪካው ሲሰራት የሚሰላ ነው። አንተ ቤትህ መሪ ስለገጠምክ ጀልባዋ ላይ የተለጠፈችው ቁጥር አትቀየርም፣ ትራንሰሙም አይወፍርም።

ባለ25ፈረስ
40 አላሰብኩም አትጣሉ 😄 እሺ አዲስ የኬብል ኪት ነው፣ ወሰንኩ። አሁን ጥያቄዬ ሁለት ነው። ርዝመቱን እንዴት ልለካ? እና ሁለት ዓይነት ሳጥን አለ፣ አንዱ ተራ ነው፣ ሌላው “መልሶ የማይመታ” ምናምን ይላል፣ ይበልጣል በዋጋ። ዋጋው ይገባዋል?

ሰማያዊት
ርዝመቱ ላይ እኔ ልመልስ ተቃጥዬበታለሁና።

ሜትርህን ያዝና ኬብሉ የሚሄድበትን መንገድ ተከተል። ከመሪው መሃል ተነስተህ እስከ ጀልባው ጎን፣ ይሄ አንድ። ከዛ በጎኑ በኩል እስከ ትራንሰሙ ጥግ፣ ሁለት። ከጥጉ እስከ ቲልት ቲዩቡ መሃል፣ ሶስት። ሶስቱን ደምር። ኬብሉ ሲታጠፍ ጥጉን ቆርጦ ስለሚያልፍ ለያንዳንዱ 90 ዲግሪ መታጠፊያ 10 ሳንቲ ቀንስ። ከዛ እንደ አገጣጠሙ የሚጨመር ነገር አለ፣ እሱን ከምትገዛው ኪት ወረቀት ላይ አንብበው አትገምት። የወጣውን በ30.48 አካፍለህ ወደሚቀጥለው ሙሉ ጫማ ከፍ አድርግ። ወደታች እንዳታወርድ! አጭር ኬብል ማለት የተሰበረ ኬብል ማለት ነው፣ መታጠፊያው ይጠብና ይታነቃል። ከ20 ሳንቲ ራዲየስ በታች እንዳይታጠፍ፣ ማለት ክቡ ሙሉ ቢሆን ቢያንስ 40 ሳንቲ ስፋት ይኑረው።

አሮጌ ኬብል ኖሮህ እሱን ነው የምትተካው ከሆነ ሌላ ዘዴ ነው፣ ጥቁሩን የላስቲክ ልባስ ብቻ ለክተህ ሳጥኑ ውስጥ ክብ ማርሽ ኬብሉን ለሚነዳው ዓይነት (ክቡ) 18 ኢንች፣ ማርሹ ቀጥ ያለ ጥርሳም ብረት ላይ ለሚሄደው (ጥርስ ባቡሩ) 30 ኢንች ትጨምራለህ። ለአንተ አያስፈልግም ሌላ ሰው ያነበው ይሆናል ብዬ ነው።

ግራሶ_በእጁ
ስለ ጥርስ ባቡሩ ካነሳሽ አይቀር፣ ያኛው ሳጥን ከዳሹ (መሪው ከሚታሰርበት ሰሌዳ) ጀርባ ወደ ጎን ረጅም ቦታ ይፈልጋል፣ ጠባብ ኮንሶል ላይ አይገባም። ክቡን ያዘው። የሁለቱ ኬብሎች አይለዋወጡም።

አሁን “መልሶ የማይመታው”ን በተመለከተ። ፕሮፔለሩ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሽከረከረው አይደል፣ ስለዚ ሞተሩን ሁሌ ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል። በተራው ሳጥን ይሄ ግፊት በኬብሉ አልፎ መሪው ድረስ ይመጣል፣ እጅህን ካነሳህ መሪው ራሱ መዞር ይጀምራል፣ በፍጥነት ላይ ከሆንክ ደግሞ በጣም ጠባብ ዙር ውስጥ ትገባለህ፣ ሰው ከጀልባ የሚወረወረው እንደዛ ነው። መልሶ የማይመታው ሳጥን ውስጥ የሚይዝ ነገር አለው፣ አንተ መሪውን ስታዞር ይለቃል፣ ሞተሩ ሊያዞርህ ሲሞክር ይቆልፋል። መሪውን ለቀህ ጃኬትህን መዝጋት ትችላለህ።

ሰው የሚሳሳተው ቀላል ያረግልኛል ብሎ ሲገዛው ነው። አያቀልም! ጉልበቱ ያው የአንተ ክንድ ነው። የሚዞርበት ብዛት ግን ይለያያል፣ ተራው ከጥግ እስከ ጥግ 3 ዙር አካባቢ ነው፣ ብዙ የሚሸጠው መልሶ የማይመታ ዓይነት ደግሞ 4.2 ዙር ነው፣ ዙሩ ስለበዛ ነው ትንሽ ለስለስ የሚለው።

እጀታ_ይሻላል
25 ፈረስ ላይ ብር ማባከን ነው። ከሞተሩ ስር ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችውን ትንሿን ክንፍ አስተካክል ይበቃል፣ እጀታ ላይም እኔ እንደሱ ነው የማደርገው።

ግራሶ_በእጁ
ክንፏ ላይ እስማማለሁ፣ ሞተሩ ካለው ነጻ ነው። ጀልባዋ ወደ ቀኝ ከሳበች ቡሎኑን አላልተህ የክንፏን የኋላ ጠርዝ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ከሳበች ወደ ግራ። በጣም ትንሽ ትንሽ እየነካካህ ሞክር፣ ሞተር ጠፍቶ። ግን እሷ የምታስተካክለው ለአንድ ፍጥነትና ለአንድ የሞተር አቀማመጥ ነው፣ ሁለት ሰው ስትጨምር ይቀየራል።

እኔ ብሆን ልዩነቱን ከፍዬ መልሶ የማይመታውን እገዛለሁ፣ ሰውየው ብቻውን ነው የሚወጣው። ሁለት ሰው ቢሆን ኖሮ ተራው ይበቃው ነበር እል ነበር።

አሮጌ_ቀፎ
እኔም። የሳጥኑን ልዩነት ከሌላ ነገር ቀንሰህ ሙላው፣ ወንበሩን ከእንጨት ስራው፣ ያገለገለ ስቲሪንግ ጎማ ግዛ። አብዛኛው መሪ 3/4 ኢንች ሾጣጣ ዘንግ ነው ያለው፣ ለዛ ልክ የተሰራ የጀልባ ጎማ ከየትም ቢመጣ ይገባል። ኬብል ብቻ አሮጌ አይሁን።

ባለ25ፈረስ
ለካሁ። ኮንሶሉን ቀኝ ጎን ላይ ነው የማረገው። ከመሪው እስከ ጎን 45 ሳንቲ፣ በጎኑ 230፣ ከጥጉ እስከ ቱቦው መሃል 75። ድምር 350። ሁለት መታጠፊያ ስለዚ 20 ሲቀነስ 330። ይሄን ባካፍለው 10.8 ስለዚ 11 ጫማ ልገዛ ነበር፣ ግን ያሰብኩት ኪት ወረቀት ላይ ለእንዲህ ዓይነቱ 15 ሳንቲ ጨምር ይላል፣ 345 ሆነ፣ 11.3፣ ስለዚ 12! ወረቀቱን ባላነብ አጭር ልገዛ ነበር ማለት ነው።

አላመንኩም ደግሞ የውሃ ጎማ ወስጄ ጠንከር ያለውን፣ 12 ጫማ ላይ በቴፕ ምልክት አርጌ በመንገዱ ሁሉ ዘረጋሁት። በደንብ ደረሰ፣ መታጠፊያዎቹም ሰፋ ያሉ ናቸው።

ለምንድነው ግን ሁሉም ቀኝ ጎን የሚያረገው?

ግራሶ_በእጁ
የውሃ ጎማው ዘዴ ጎበዝ! ቀኝ የሆነበት፣ አብዛኛው ፕሮፔለር ከኋላ ሲታይ ወደ ቀኝ ስለሚዞር ጀልባውን ወደ ግራ ጎኑ ማጋደል ይፈልጋል፣ የአንተ ክብደት ቀኝ ላይ ሲሆን ያካክሰዋል።

ኬብሉም ከቀኝ በኩል ወደ ቱቦው ይግባ፣ መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞር ኬብሉ ይገፋል፣ የሞተሩ የፊት ክንድ ወደ ግራ ይሄዳል፣ የፕሮፔለሩ ጎን ወደ ቀኝ ይወጣል። ውሃ ከመግባትህ በፊት ጋሪው ላይ እንዳለች ይሄን እይ። መሪ ቀኝ፣ ፕሮፔለር ቀኝ። ተቃራኒ ከሆነ ሳጥኑን ገልብጠኸዋል።

ሌላው ዘንጉ በግራ በኩል 23 ሳንቲ ገደማ ተዘርግቶ ይወጣል፣ እዛ ጋ ባትሪ ወይ የነዳጅ ታንከር ካለ ይመታዋል፣ ሞተሩን ወደላይ አጥፈህም ሞክረው።

*ከ9 ቀን በኋላ*

ባለ25ፈረስ
ገጠምኩት ግን እርዱኝ። መልሶ የማይመታውን ነው የገዛሁት 12 ጫማ። አቅጣጫው ልክ ነው፣ ዘንጉም ምንም አይነካም፣ ባትሪውን ወደ መሃል አሳለፍኩት። ግን መሪው ድንጋይ ነው!! አዲስ ኬብል! በሁለት እጅ ነው የማዞረው። ተበላሽቶ ነው የሸጡልኝ መሰለኝ ልመልሰው?

ሰማያዊት
አዪዪ። መታጠፊያው ጠቦ እንዳይሆን? ፎቶ ላክ።

ግራሶ_በእጁ
ከመመለስህ በፊት ለያቸው። የኬብሉን ዘንግና የሞተሩን ክንድ የሚያገናኘውን ዘንግ ፍታ። ከዛ መሪውን ብቻ አዙር፣ ከዛ ሞተሩን ብቻ በእጅህ ግፋ። የትኛው ነው የሚከብደው?

ባለ25ፈረስ
ፈታሁት። መሪው ለብቻው በአንድ እጅ ይዞራል ለስላሳ ነው። ሞተሩ ነው የማይነቃነቀው! በትከሻዬ ነው የገፋሁት።

እጀታ_ይሻላል
ሃሃሃ ቆይ እኔ አወቅኩት። እጀታ ስትነዳ እንዳይላወስብህ ያጠበቅካት ቡሎን አለች አይደል፣ መዞሪያው ጋ ጎን ላይ? እሷን አላላሃት?

ባለ25ፈረስ
...
አላላላሁም።

አሁን ሄጄ አላላኋት። አንድ ሩብ ዙር፣ ሌላ ሩብ፣ ከዛ ሞተሩ እንደ በር ተከፈተ። ለስድስት ሰዓት ኬብሉን ስረግመው ነበር። @እጀታ_ይሻላል አንተ ነህ ያዳንከኝ ማን ይገምት ነበር።

ግራሶ_በእጁ
😂😂 እኔ ራሴ ረስቼ ነበር። በል መዞሪያዋ ላይ የግራሶ ማስገቢያ ካለ በፓምፕ ስጣት፣ አሮጌው ግራሶ እስኪወጣ።

ቱቦውንም ግራሶ ቀባው፣ ግን መሪውን ወደ ግራ አዙረህ ዘንጉን ሙሉ ለሙሉ ቱቦው ውስጥ አስገብተህ ነው የምትሰጠው። ወጥቶ እያለ ግራሶ ከሞላህበት ሲመለስ ቦታ አጥቶ ይቆለፋል። ጀልባዋን ስታቆማትም እንደዛው አስገብተህ ተዋት፣ ውጪ የቀረ ዘንግ ይዝጋል።

አሮጌ_ቀፎ
ልጄ የማገናኛውን ዘንግ መልሰህ ስታስር ዳዶዎቹ ናይለን ያላቸው ነበሩ? አንዴ የተፈታውን አትመልስ፣ ናይለኑ መያዙን ያጣል። አዲስ ግዛ፣ ምንም አያወጣም። ከዛ ደግሞ ለዛች ዳዶ የሚሆን ቁልፍ ጀልባዋ ውስጥ ሁሌ ይኑር፣ ኬብሉ ውሃ መሃል ቢነክስ ዘንጓን ፈትተህ ሞተሩን በእጅህ እየገፋህ ቀስ ብለህ ትመለሳለህ።

ባለ25ፈረስ
እሺ ጋሼ አዲስ ነው ያረኩት። ቁልፉን በገመድ ወንበሩ ስር አስሬዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ወጣሁ። መጀመሪያ ያስተዋልኩት እኔ ወደፊት ስለተጠጋሁ አፍንጫዋ ብዙም ሳትነሳ ቶሎ ውሃው ላይ መንሳፈፍ ጀመረች፣ ያው ሞተር ነው። መሪውን ለቀቅኩት እየተጠራጠርኩ፣ ቀጥ አለች። አንድ ያልለመድኩት ነገር፣ መቆሚያው ጋ ስደርስ በእጀታ አንድ ግፊት የነበረው አሁን ሁለት ዙር ምናምን ነው፣ ቀድሜ ማዞር መልመድ አለብኝ። ድንጋዩን ዛሬም ለጥቂት ነው ያለፍኩት 🙈 ማታ ግን ብርጭቆ ያዝኩ።

እጀታ_ይሻላል
እንኳን ደስ አለህ። የፈታሃትን እጀታ ምን አረካት? የኔዋ ላስቲኳ አልቋል።

ባለ25ፈረስ
አንተ ወገብህ ብረት ነው እጀታህ ምን ሆነች? 😂 ማስረዘሚያዋን ውሰዳት፣ እጀታዋን ግን አልሰጥም፣ መሪው መልመዱ እስኪያልቅ ጓዳ ትቀመጥ።